ፖስተሩ ተሸጠ፣ ጭራቁ የለም፦ የአንድ የ1955 ፊልም የጉዳይ ጥናት

ለምን ይህ ጉዳይ

የድሮ የጭራቅ ፊልም ፖስተር የሚወድ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ነገር ይገባዋል። ፖስተሩ ከፊልሙ ይበልጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው አውሬ ከተማ ሊውጥ ደርሷል። ፊልሙ ውስጥ ያለው ግን የጎማ ልብስ ለብሶ በሙቀት የሚንገላታ አንድ ምስኪን ሰው ነው። ብዙዎቻችን «ያው ማስታወቂያ አይደል፣ ያጋንናል» ብለን እንስቅና እናልፈዋለን።

እዚህ የምጽፈው ጉዳይ ከማጋነን ያለፈ ነው። አንድ ትንሽ የሆሊውድ ኩባንያ በ1955 «ሚሊዮን ዓይን ያለው አውሬ» በሚል ርዕስ አንድ ጭራቅ በፖስተር ሸጠ። የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ሥዕሉን አይተው ወደዱት። ፊልሙ ተሠርቶ ሲመጣ ጭራቅ የሚባል ነገር የለበትም። ተረስቶ አይደለም፤ ታሪኩ መጀመሪያውኑ ስለማይታይ ፍጡር ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ኩባንያው ከአጣብቂኙ የወጣበት መንገድ፣ ሥራው ሳይሠራ ቃል ለሚገባ ማንኛውም ሰው ይጠቅማል ብዬ መዘገብኩት።

ነጋዴዎቹን፣ ፕሮዲዩሰሩንና ሌሎቹን በሥራ ድርሻቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ። ሥዕሉን የሣለውንና ጭራቁን የሠራውን ግን በስማቸው። የዚያ ዘመን የፖስተር ሠዓሊ ሥራው አገር ምድሩን ሲያዳርስ ስሙ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ አይሰፍርም ነበር። እኔም ደግሜ ልደብቀው አልፈልግም። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

የጭራቅ ፖስተር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው የ1930ዎቹ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ነው። የማስታወቂያ ሥዕሉን ክፍል ይመራ የነበረው የሃንጋሪ ተወላጁ ካሮሊ ግሮስ ነው። በ1932 ለወጣው «ዘ መሚ» የተሠራው ፖስተር በ1997 ኒውዮርክ ውስጥ በሶዝቢስ ጨረታ 453,500 ዶላር ወጥቶበታል። ያኔ ለአንድ የፊልም ፖስተር ከተከፈለው ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ዋጋውን እንዲህ የሰቀለው የሥዕሉ ውበት ብቻ አይደለም። ፖስተር የሚቀመጥ ዕቃ አልነበረም። ታጥፎ ይላካል፣ ይሰቀላል፣ ፊልሙ ሲያልቅ ይመለሳል ወይም ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። በመጨረሻ ይቀደዳል። የተረፈው በጣት የሚቆጠር ነው።

በ1950ዎቹ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች የራሳቸውን ሲኒማ ቤቶች እንዲለቁ ተገደዱ። ቴሌቪዥን መጥቶ ቤተሰቡን ሳሎን ውስጥ አስቀመጠው። ስቱዲዮዎቹ ርካሽ ፊልም መሥራቱን ቀነሱ። በሌላ በኩል ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ፊልም የሚያይባቸው የሜዳ ሲኒማዎች እንደ አሸን ፈሉ፤ በአሥርተ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ከ4,000 በላይ ደርሰው ነበር። እነዚህ ቦታዎች በየሳምንቱ አዲስ ነገር ይፈልጋሉ። የሚመጣውም ወጣት ነው። ከቤት መውጣት ይፈልጋል እንጂ ስለ ፊልሙ ጥራት ብዙም አይጨነቅም።

ይህን ክፍተት ያዩ ሁለት ሰዎች በ1954 አሜሪካን ሪሊሲንግ ኮርፖሬሽን የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። በኋላ አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ ተብሎ የታወቀው እሱ ነው። አንደኛው ከዚያ በፊት የድሮ ፊልሞችን አዲስ ርዕስና አዲስ ፖስተር እየሰጠ መልሶ የሚያሳይ ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ ነበር። ሁለተኛው ጠበቃ። የተገናኙበት አጋጣሚ ራሱ ያስቃል። የጠበቃው ደንበኛ «ዘ አቶሚክ ሞንስተር» የሚል የፊልም ጽሑፍ ነበረው። ያ ድርጅት አንድ የ1941 ፊልም በዚሁ ርዕስ መልሶ አወጣ። ጠበቃው «ርዕሳችን ተወሰደ» ብሎ ሄደና 500 ዶላር ተቀብሎ ወጣ። ሲወጣ ግን ከሽያጭ ኃላፊው ጋር ወዳጅ ሆኗል። ማለትም ኩባንያው ገና ከመወለዱ በፊት ጠቡም ትውውቁም በርዕስ ነበር።

አሠራራቸውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። መጀመሪያ የሽያጩ ሰው ርዕስ ያወጣል። ከዚያ ፖስተር ይሣላል። ፖስተሩ ለሲኒማ ቤት ባለቤቶችና ለየክልሉ አከፋፋዮች ይታያል። ከወደዱት የፊልሙ ጽሑፍ ይጻፋል፣ ቀረጻው ይጀመራል። ካልወደዱት የባከነው ወረቀትና ቀለም ነው። ሁሉም ፊልም በዚህ ቅደም ተከተል ተሠራ ማለት አይደለም፤ ግን የኩባንያው ልማድ ይህ ነበር፤ ራሳቸውም አይደብቁትም።

ፖስተሩና ሠዓሊው

የፖስተሩ ሠዓሊ አልበርት ካሊስ ነው። ለኩባንያው ከጅማሬው አንስቶ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሥዕል ዘመቻዎቹን መርቷል። በነገራችን ላይ ይኸው ሰው በ1958 ዛሬ አይሆፕ ተብሎ የሚታወቀውን የፓንኬክ ምግብ ቤት ካቋቋሙት አንዱ ነው። ጭራቅ እየሣሉ ፓንኬክ መሸጥ ይቻላል።

የተሰጠው ርዕስ «ሚሊዮን ዓይን ያለው አውሬ» የሚል ነበር። በእንግሊዝኛው «ዘ ቢስት ዊዝ ኤ ሚሊየን አይስ»። ለሠዓሊ እንዲህ ያለ ርዕስ ሲሰጠው ምን ይሣላል? ካሊስ ያደረገው ማንም የሚጠብቀውን ነው፤ ግን በደንብ አደረገው። ዓይን በዓይን የሆነ፣ ጥርሱን ያገጠጠ ፍጡር ወረቀቱን ይሞላዋል። የምትጮኽ ሴት አለች። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ በቃለ አጋኖ የታጀቡ። ከዚያ ላይ ደግሞ ፊልሙ በ«ቴረር-ስኮፕ» እንደተቀረጸ ይገልጻል። ያ ጊዜ ሲኒማስኮፕ የሚባለው ሰፊ ሸራ የመጣበት ነው። ቴረር-ስኮፕ ግን የሚባል የካሜራ ቴክኒክ አልነበረም። ስም ብቻ ነው።

የዚያ ዘመን መደበኛ ፖስተር ወደ 69 በ104 ሴንቲ ሜትር ነው። ከመኪና መስኮት፣ ከመንገድ ማዶ በአንድ አፍታ መነበብ አለበት። ለዚህ የካሊስ አሣሣል የተመቸ ነበር። ዓይን አንድ ቦታ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ ሴቲቱ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ርዕሱ። ለዝርዝር የሚባክን ቦታ የለም። እኔ በበኩሌ ከዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ሬይኖልድ ብራውንን አስቀድማለሁ። የብራውን አካል አሣሣልና የብርሃን አያያዝ የተለየ ነው። «አንድ ነገር ተፈጠረ፣ ና እይ» በማለት ግን ካሊስን የሚያህል አላየሁም።

ብራውንን ካነሳሁ አይቀር፣ ቃል ገብቶ አለማድረስ የዚህ ኩባንያ ብቻ ጠባይ አልነበረም። በ1958 ለወጣው «አታክ ኦቭ ዘ 50 ፉት ዉማን» ብራውን የሣለው ፖስተር በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። ግዙፏ ሴት አውራ ጎዳና ላይ እግሯን አንፈርክካ ቆማ መኪና ታነሳለች። ፊልሙ ውስጥ ይህ ትዕይንት የለም። ትልቁ የኤምጂኤም ስቱዲዮ ራሱ በ1956 «ፎርቢደን ፕላኔት» ሲያወጣ ፖስተሩ ላይ ሮቦቱ ራሷን የሳተች ቆንጆ ተሸክሞ ያስፈራራል። ፊልሙ ውስጥ ሮቦቱ ጨዋ አገልጋይ ነው፤ የሚሸከመውም የጠፈር መርከቡን ሐኪም ነው፣ ወንድ። ልዩነቱ፣ እነዚህ ፊልሞች ቢያንስ ግዙፍ ሴትና ሮቦት አላቸው። በእኛ ጉዳይ ግን አውሬው ራሱ የለም።

ችግሩ

ፊልሙ አንድ ወጣት ፕሮዲዩሰር ለኩባንያው ለማቅረብ ከተዋዋላቸው ጥቂት ፊልሞች አንዱ ነበር። ሌሎቹ ገንዘቡን ቀድመው በሉት። ለዚህኛው የቀረው ወደ 30,000 ዶላር ገደማ ነው። በዚያ ዘመን እንኳ ለአንድ ሙሉ ፊልም እዚህ ግባ የማይባል ነው።

ጽሑፉ መጀመሪያ ሲጻፍ ርዕሱ «የማይታየው» ነበር። ታሪኩ ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ በአንድ የቴምር እርሻ ላይ የሚኖር ቤተሰብ ታሪክ ነው። አባት፣ ኑሮው የመረራት እናት፣ ልጃቸው፣ ውሻቸውና አንድ የማይናገር የእርሻ ሠራተኛ። ከሰማይ የሚያፏጭ ድምፅ ይመጣል፣ የቤቱ ብርጭቆ ሁሉ ይሰባበራል። ከዚያ እንስሳቱ አንድ በአንድ ይገለበጣሉ። ወፎች ይወርዳሉ። ላሚቱ ትዋጋለች። ውሻው ይናከሳል። ዶሮዎቹ እንኳ ይነሳሉ። ከሌላ ዓለም የመጣው ፍጡር አካል የለውም፤ በእንስሳትና በደካማ አእምሮ ውስጥ ገብቶ ያያል፣ ያዝዛል። ሚሊዮን ዓይን ማለት የእነዚህ ሁሉ ዓይን ነው። ቤተሰቡ ግን በፍቅር ሲተባበር ፍጡሩ አቅም ያጣል።

እንደ ሐሳብ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ገንዘብ ለሌለው ፕሮዲዩሰር ብልህ ሐሳብ ነው፤ ጭራቁ ካልታየ ወጪ የለውም። ክፍተቱ የተፈጠረው ጽሑፉና ፖስተሩ ሳይነጋገሩ በመቅረታቸው ነው። የሽያጩ ሰው ርዕሱን ቀየረ። ሠዓሊው ርዕሱን ሣለ። የቀረጻው ቡድን የተጻፈውን ቀረጸ። ሁሉም የየራሱን ሥራ በትክክል ሠርቷል። ሲደመር ግን አይገጥምም።

ቀረጻውም አልጋ በአልጋ አልነበረም። በረሃው ላይ የተሠማራው ቡድን በሙያ ማኅበር ያልታቀፈ ነበርና ማኅበሩ ደርሶበት ሥራው ሊቆም ተቃረበ። ፕሮዲዩሰሩ ሌላ የካሜራ ባለሙያ ይዞ የቤት ውስጥ ትዕይንቶቹን ራሱ በጥድፊያ ጨረሰ። በእንዲህ ያለ ሩጫ ውስጥ «ለመሆኑ ፖስተሩ ላይ ምን ሣልን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም።

ፖስተሩን ያዩ የሲኒማ ሰዎች ፊልሙን ሲያዩ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ። ጭራቁ የታለ?

የተወሰዱት እርምጃዎች

ከውጭ ሆኜ ስመለከተው ኩባንያው አራት መንገድ ነበረው። ፖስተሩን ቀይሮ የማይታይ ፍጡር ፊልም ነው ብሎ መሸጥ። ፊልሙን እንዳለ አውጥቶ ወቀሳውን መቻል። እንደገና መቅረጽ። ወይም ጭራቅ አሠርቶ መጨረሻው ላይ መሰካት። የመጀመሪያው ሽያጩን ይገድለዋል፤ የተሸጠው ሥዕሉ ነውና። ሁለተኛው ገና ስም ያልተከለ ኩባንያን ስም ያጠፋል። ለሦስተኛው ገንዘብ የለም። አራተኛው ቀረ።

ፕሮዲዩሰሩ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲያንና ሠዓሊያን ወኪል ወደሆነ አንድ ሰው ደወለ። ወኪሉ መጀመሪያ የጠቀሰለት በጊዜው አሻንጉሊት እያንቀሳቀሰ በመቅረጽ ስሙ የገነነ ባለሙያ ነበር። ዋጋው የማይሞከር ነው። ቀጥሎ የተጠራውም ከኪሳቸው በላይ ጠየቀ። በሦስተኛው ፖል ብሌይዝደል መጣ።

ብሌይዝደል ያኔ ጭራቅ ሠርቶ አያውቅም። ለሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔቶች ሥዕል የሚሸጥ፣ ቀደም ሲል በዳግላስ የአውሮፕላን ፋብሪካ የቴክኒክ ሥዕል የሠራ ወጣት ነው። የሚገርመው ሬይኖልድ ብራውንም በጦርነቱ ጊዜ በኖርዝ አሜሪካን የአውሮፕላን ፋብሪካ ይኸንኑ ይሠራ ነበር። የዚያን ዘመን ጭራቅ ካሳመሩት እጆች ሁለቱ ብሎንና ክንፍ በመሣል የሠለጠኑ መሆናቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። የሌለን ነገር የሚሠራ መስሎ እንዲታይ መሣል ራሱን የቻለ ችሎታ ነው።

የተስማሙበት ገንዘብ ጎማውንና ሸክላውን ጨምሮ ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ብሌይዝደል ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ቁመቱ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አሻንጉሊት ሠራ። በሸክላ ቀርጾ በላቴክስ ጎማ አወጣው። ትልቅ ራስ፣ ክንፍ፣ የቆዳ ጃኬት የመሰለ ልብስ፣ የጨረር ጠመንጃ። እጆቹ ላይ የእግር ብረት የመሰለ ሰንሰለት አደረገበት።

ሰንሰለቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ታሪኩ ውስጥ አውሬው አካል የለውም ተብሏል። ታዲያ አሁን የሚታየው ፍጡር ማን ነው? አሻንጉሊቱን ዝም ብሎ አውሬው ነው ብሎ ማቅረብ ይቻል ነበር፤ ማንም አይጠይቀውም። ብሌይዝደል ግን አስቦበታል። ይህ ፍጡር አውሬው ራሱ ሳይሆን ከሌላ ዓለም ማርኮ ያመጣው ባሪያው ነው። ሰንሰለቱ ይህን ያሳያል። የሌላ ሰውን ክፍተት እንዲደፍን በጥቂት መቶ ዶላር የተቀጠረ ሰው የታሪኩን ቀዳዳ ጭምር ደፈነ። ይህን ያደረገው ማንም ሳያዝዘው ነው። ሥራው ባልደረቦቹ ዘንድ «ትንሹ ሄርኩለስ» የሚል ቅጽል ስም አተረፈ።

የጠፈር መርከቡም ጉዳይ ነበር። ቀዳዳ የተበሳሳ የሻይ ማንቆርቆሪያ ለመርከብነት ቀርቦ እንደነበር በሥራው የነበሩ ሰዎች በኋላ እየሳቁ አውርተውታል። ብሌይዝደል የመርከቡን በር በትንሹ ሠራ። በሩ ተከፍቶ ፍጡሩ የሚታይበት አጭር ትዕይንት ተቀርጾ ከፊልሙ መጨረሻ ላይ ገባ።

የሠራው

ፊልሙ ወጣ። ፖስተሩም እንዳለ ተሰቀለ። «ጭራቅ አለው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ አሁን «አዎ» ተብሎ ሊመለስ ይቻላል። የሲኒማ ሰዎቹ የፈለጉት ይህን ያህል ነበር። ተመልካች ሲያማርር «ኧረ አለ፣ መጨረሻ ላይ አላያችሁም?» የሚሉበት ነገር።

የፖስተሩ ጉልበትም ተፈትኖ ታወቀ። ኮከብ ተዋናይ የለም፣ ገንዘብ የለም፣ በቅጡ የሚታይ ጭራቅ እንኳ የለም። አንድ ሥዕልና አንድ ርዕስ ብቻቸውን ፊልም ከመጋዘን አውጥተው ሸራ ላይ አደረሱ። ለኩባንያው ይህ ትልቅ መረጃ ነው።

ከሁሉም በላይ የሠራው ግን የታሰበው ነገር አይደለም። በጥድፊያ ፍለጋ ውስጥ ብሌይዝደል ተገኘ።

ያልሠራው

ትዕይንቱ ራሱ አልሠራም። በሩ ይከፈታል፣ ፍጡሩ ብቅ ይላል፣ ከላዩ ላይ ትልቅ ዓይንና የሚሽከረከር ክብ መስመር ተደርቦበታል። የሚታየው ለሰከንዶች ነው። ያ ሁሉ የሸክላና የጎማ ሥራ፣ ሰንሰለቱ፣ ጃኬቱ አይለይም። ባሪያ መሆኑን ማንም አይረዳም። የሃምሳ አምስቱ ተመልካች ያየው አንድ ዓይን፣ ከኋላው ደግሞ የሆነ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ከተገባለት ሚሊዮን ላይ አንድ ደረሰው ማለት ይቻላል።

መጠኑም አይመጥንም። ፖስተሩ ላይ ሴትን የሚያስንቅ ግዙፍ ነገር ነው። ፊልሙ ውስጥ ያለው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አሻንጉሊት ነው። ካሜራ በማስጠጋት ብቻ ይህን መሸፈን አይቻልም።

ሌላም የጠፋ ነገር አለ፤ ይህን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። የመጀመሪያው ሐሳብ ተበላሸ። የማይታይ፣ በላምና በውሻ ዓይን የሚያይ ፍጡር በጥሩ እጅ ቢሠራ የሚያስፈራ ነበር። ወፎች ያለ ምክንያት ሰው ላይ የሚነሱበት ፊልም በ1963 በሌላ ስቱዲዮ፣ በትልቅ ገንዘብ ተሠርቶ ዓለምን አንቀጥቅጧል። ይኸኛው ግን የማይታየውን ለማሳየት ሲል የያዘውን ጣለ። ጥፋቱን ፖስተሩ ላይ የሚያላክኩ አሉ። እኔ አልስማማም። ሠዓሊው የተሰጠው ርዕስ ነው፤ የጽሑፉን ይዘት የሚነግረው ሰው ነበር የሚያስፈልገው።

ከዚያ በኋላ የተለወጠው

ኩባንያው ፖስተር ማስቀደሙን አልተወም። የተወው ጭራቁን ማስረፈዱን ነው። በዚያው በ1955 መጨረሻ «ዘ ደይ ዘ ወርልድ ኢንድድ» የሚለው ፊልም ሲወጣ ብሌይዝደል ከመጀመሪያው ተቀጥሮ ነበር። ጭራቁን በሰው ልክ ሠራ፤ ሦስት ዓይን ያለው፣ ቀንዳም። ልብሱን ራሱ ለብሶ ተወነ። ብሌይዝደል ቁመቱ አጭር ስለነበር የጭራቁ ራስ ከፍ ተደርጎ ተሠርቶ እሱ ከውስጥ ሆኖ በቀዳዳ ነበር የሚያየው።

ይህ ፊልም ከሌላ የባሕር ጭራቅ ፊልም ጋር ጥንድ ሆኖ ተሸጠ። ቀደም ሲል ርካሽ ፊልም በአንድ ቲኬት ከሚታዩት ሁለት ፊልሞች ሁለተኛው ሆኖ ሲገባ የሚከፈለው የተቆረጠ አነስተኛ ኪራይ ነው፤ ከመግቢያው ገቢ ድርሻ የለውም። ሁለቱንም ፊልም አንድ ኩባንያ ካቀረበ ግን በመቶኛ መደራደር ይችላል። ሠራ። ኩባንያው በእግሩ የቆመው በዚህ ነው።

በ1956 «ዘ ሺ-ክሪቸር» ሲመጣ የካሊስ ፖስተርና የብሌይዝደል ልብስ ተቀራርበዋል። ፖስተሩ ላይ ያለው ጥፍራም፣ ቅርፊታም ፍጡር ፊልሙ ውስጥ አለ። ልብሱ በጣም ተወዶ ትንሽ ትንሽ እየተቀየረ በሌሎች ፊልሞችም ገብቷል። ሠዓሊውና ሠሪው በአንድ ጭራቅ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚመጣ ማየት የሚፈልግ ይህን ፖስተርና የፊልሙን ፎቶ ጎን ለጎን ያስቀምጥ።

ለሌላ ሥራ የሚወሰዱ ነገሮች

ርካሹን ነገር አስቀድሞ መፈተን ትክክል ነበር። ፖስተር ከፊልም ይረክሳል። ገዢ የማይፈልገውን ነገር ፊልም ከሠሩ በኋላ ከማወቅ በሥዕል ማወቅ ይሻላል። ብዙ ሰው የዚህን ኩባንያ ልማድ ማጭበርበር አድርጎ ያየዋል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን በትንሽ ካፒታል የሚሠራ ማንም ሰው ሊያደርገው የሚገባ ጥንቃቄ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ከመሠራቱ በፊት በኮምፒዩተር ሥዕል ሲሸጥ እናያለን፤ ነገሩ ያው ነው። ጥያቄው ከሥዕሉ በኋላ ምን ይደረጋል የሚለው ነው።

ሥዕሉ ከጸደቀ በኋላ የሥራው ሰነድ መሆን ነበረበት። እዚህ ፖስተሩ ለገዢው ታየ እንጂ ለቀረጻ ቡድኑ እንደ ትእዛዝ አልተሰጠም። የሚሸጠው ሰው የገባውን ቃል የሚሠራው ሰው በጽሑፍ ወይም በሥዕል ካላገኘው ክፍተቱ የሚታየው በመጨረሻው ቀን ነው። በ«ዘ ደይ ዘ ወርልድ ኢንድድ» ላይ የተለወጠው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ደንበኛው ማን እንደሆነ መለየትም አለ። ለዚህ ኩባንያ የመጀመሪያው ገዢ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ነበር፤ ቲኬት የሚቆርጠው ወጣት ሁለተኛ ነው። የተሰካው ትዕይንት የመጀመሪያውን ገዢ አረካ። ሁለተኛውን አላረካም። ለአንድ ፊልም ይህ ይበቃል። ለድርጅት አይበቃም፤ እነሱም ገብቷቸዋል።

የማያስደስተው ነገር የዋጋው ጉዳይ ነው። ብሌይዝደል መጀመሪያ የተቀበለው ዋጋ የችግር ጊዜ ዋጋ ነበር። ሌላው ሁሉ እንቢ ካለ በኋላ፣ ለአንዲት አሻንጉሊት፣ ለመግቢያ ያህል። ከዚያ በኋላ ግን ኩባንያው በዚያው ስሌት ለመደው። ሙሉ የሰው ልብስ ሠርቶ፣ ለብሶ፣ ወድቆ ተነስቶ የሚከፈለው ከልፋቱ ጋር አይመጣጠንም ነበር። በ1958 ኩባንያው «ሀው ቱ ሜክ ኤ ሞንስተር» የሚል ፊልም ሠራ፤ ታሪኩ ከሥራ ስለተባረረ የጭራቅ ሠሪ ነው። መጨረሻው ላይ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት የጭራቅ ራሶች በእሳት ይነዳሉ። ከነደዱት ውስጥ የብሌይዝደል የራሱ ሥራዎች ነበሩበት። እሱም ብዙ ሳይቆይ ከፊልሙ ሥራ ወጣ። መጀመሪያ ለመግባት ብሎ ዋጋ የሚቀንስ ባለሙያ፣ ቅናሹ ለዚህ ሥራ ብቻ መሆኑን ያኔውኑ ቢናገር ይሻለዋል።

አሠራሩን ዛሬ ለመቅዳት ለሚያስብ ሰው አንድ ልዩነት አለ። በ1955 አንድ ፊልም አንድ ከተማ ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። «ጭራቅ የለበትም» የሚለው ወሬ ሲዳረስ ፊልሙ ሻንጣውን ይዞ ሄዷል። ዩቲዩብ ላይ በታምኔል፣ ማለትም ቪዲዮው ከመከፈቱ በፊት በሚታየው ሥዕል፣ ጭራቅ የሚሸጥ ሰው ይህ ዕድል የለውም። ተመልካቹ በሁለተኛው ደቂቃ ይወጣል፣ አስተያየት መስጫው ላይ ይጽፋል፣ ሲስተሙም ስንት ሰው ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይቆጥራል። ስለዚህ ሥዕሉን ማስቀደም አሁንም ያስኬዳል፤ 45 ሴንቲ ሜትሩን አሻንጉሊት መጨረሻ ላይ መሰካት ግን አያስኬድም።